ቆጥና ሽመል፤ በአሶሳ አካባቢ ስለ ዶሮ ማደሪያ አጭር የታሪክ ጥናት

ስለ ቤኒሻንጉል የተጻፉትን የታሪክ መጻሕፍት የሚያገላብጥ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያገኘው ወርቅን ነው። እ.ኤ.አ. በ1821 የመሐመድ ዓሊ ጦር ከግብፅ ተነሥቶ ወደ ስናር የወረደው ወርቅና ባሪያ ፍለጋ ነበር። በ1890 ዓ.ም. አገሩ በራስ መኰንን ዘመቻ ለአጼ ምኒልክ ከገበረ በኋላም የሼህ ሆጀሌ ግብር የሚታሰበው በወርቅ ነበር። አሌሳንድሮ ትሪዉልዚ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለዚሁ አገር ያሳተሙት መጽሐፍ ርእሱ እንኳ በጨውና በወርቅ ይጀምራል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕዝቡ በየዕለቱ ከደጁ የሚያስተዳድረው፥ ይልቁንም ሴቶች በገዛ እጃቸው የሚያዙበት ንብረት፥ ማለት ዶሮ፥ በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም ቦታ አላገኘም።

ዶሮ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የዱር ወፍ የተገኘች እንስሳ መሆኗ የታወቀ ነው። ሕሊና ወልደ ኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ እ.ኤ.አ. በ2016 ባቀረቡት ጥናት እንደገለጹት፥ በምሥራቅ ትግራይ በመዝበር የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከነበረው ከመጀመሪያው ሺህ ዓመት የሚቈጠሩ ናቸው። ስለ ማደሪያዋ ግን ከአጥንት ይልቅ ቋንቋ ይመሰክራል። አማርኛችን ለዶሮ መኝታ «ቆጥ» የሚል የራሱ ቃል አለው፤ ይኸውም በቤት ውስጥ ከፍ ተደርጎ የሚሠራ የእንጨት መደብ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ስለ ጣለችው ሴት የሚነገረው ተረት፥ ቆጥ ለዶሮ ብቻ ሳይሆን ለዕቃም ማስቀመጫ እንደ ነበረ ያስረዳል። እንግዲህ በደጋው ባህል ዶሮ የቤተ ሰቡ አብሮ አዳሪ እንጂ የራሷ ቤት ያላት አልነበረችም። የምድጃውም ጢስ ተባይን ያርቅላት ነበር ብዬ እገምታለሁ።

በአሶሳ በኩል ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በቆላው ገንዲ የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው ዝንብ ስላለች ከብት ማርባት አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ ፍየልና ዶሮ ከደጋው ይልቅ ክብደት አላቸው። የቤት መሥሪያውም ሽመል ነው። ሽመል ከደጋው ቀርከሃ የሚለየው ውስጡ ክፍት ባለመሆኑ ነው፤ በክረምት የሚያወጣው ለጋ ቡቃያም ለበርታና ለጉሙዝ ቤተ ሰብ ምግብ ይሆናል። እህላቸውን የሚያኖሩበት ጎተራ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በባላ ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም ከታች እርጥበትና ምስጥ ያጠፉታል። በእኔ አስተያየት ለአሶሳ የሚስማማው የዶሮ ቤት አብነት የደጋው ቆጥ ሳይሆን ይህ ጎተራ ነው።

በ1977 ዓ.ም. በድርቅ ምክንያት ከወሎ ተነሥተው በአሶሳ የሰፈሩት ገበሬዎች ቆጥን በልማድ ይዘው መምጣታቸው አያስገርምም። ሁሉን ላጣ ቤተ ሰብ ዶሮ በትንሽ ገንዘብ የምትገዛ፥ ቶሎም የምትራባ የመጀመሪያ ሀብት ናት። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በካማሺና በመተከል በደረሰው ግጭት ለተፈናቀሉትም ነገሩ ከዚህ የተለየ አይደለም። ስለሆነም የመጀመሪያዎቹ ዶሮዎች በአንድ ሌሊት በሸለምጥማጥ ቢያልቁ፥ ጉዳቱ የሥጋና የእንቁላል ብቻ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1953 እና በ1956 በጅማና በዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች አማካይነት ሮድ አይላንድ ሬድ፥ ኋይት ሌግሆርንና ሌሎች የውጭ ዝርያዎች ወደ አገራችን ገቡ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋትም የተሻሻሉ ዶሮዎችን በየመንደሩ ለማዳረስ ተነሥቷል። ችግሩ እነዚህ ዶሮዎች የሀበሻ ዶሮ አለመሆናቸው ነው፤ ከባድ ናቸው፥ ከፍ ወዳለ ቆጥም በቀላሉ አይዘሉም፥ ጭልፊት ሲያንዣብብም ለመሸሽ ይዘገያሉ። ስለዚህ ቤቱ ከዶሮዎቹ አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት። በባዕድ አገር ሳለሁ ያነበብኋቸው የዶሮ እርባታ መጻሕፍት ብርድን ዋና ጠላት አድርገው ግድግዳውን እንድንደፍን ያዝዛሉ፤ በአሶሳ ግን ጠላቱ ሙቀትና ርጥበት ስለሆነ ይህን ምክር የተከተለ ሰው ዶሮዎቹን ያፍናል። ለ10 ዶሮ 2 ካሬ ሜትር ያህል ወለል ይበቃል። የቤቱ ርዝመት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ቢዘረጋ የጧቱና የማታው ፀሐይ በጠባቡ ጎን ብቻ ይመታዋል። ግድግዳው ነፋስ እንዲያስገባ፥ ነገር ግን የሸለምጥማጥ ራስ እንዳያስገባ፥ በተሰነጠቀ ሽመል በጥብቅ ይጠለፋል። ጣራው ሣር ቢሆን ከቆርቆሮ ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። ፈንግል የተባለውን ወረርሽኝ ግን የትኛውም ግድግዳ አያግደውም፤ ለእርሱ ክትባት ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚበልጠው የሽመሉ መቈረጫ ጊዜ ነው። በዝናብ ወራት የተቈረጠ ወይም ያልበሰለ ሽመልን ነቀዝ ፈጥኖ ይበላዋል። 3 ዓመት የሞላው በበጋ ይቈረጣል። ጫጩት በሰኔ ለመቀበል ያሰበ ቤተ ሰብ እንግዲህ ሽመሉን በጥር መቍረጥ ይኖርበታል።