የግቢ ሣር አጨዳ

የግቢ ሣር አጨዳ ለውበትና ለማረፊያ የተተከለን ሣር በየጊዜው በተመጠነ ቁመት የመቁረጥ ሥራ ነው። ቀድሞ በማጭድ ወይም በከብት ግጦሽ ይከናወን ነበር፤ በ1830 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኤድዊን ቢርድ በዲንግ የሱፍ ጨርቅ ከሚከረክም መሣሪያ ሐሳብ ወስዶ የመጀመሪያውን የሣር ማጨጃ ማሽን ሠራ።

የሣር ማደጊያ እምብርት ከመሬት አጠገብ ስለሆነ ጫፉ ሲቆረጥ አይሞትም፤ ይልቁንም ከጎን እያቆጠቆጠ ጥቅጥቅ ይላል፣ አረምንም ቦታ ያሳጣል። በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ መቁረጥ ግን ሥሩን ያዳክማል፤ በዚህ ረገድ ከሁሉ የከፋው ስህተት ሣሩን ካስረዘሙ በኋላ አሳጥሮ መላጨት ነው። በዝናብ ወራት አጨዳው ይደጋገማል፣ በደረቅ ወቅት ይራራቃል። ስለቱ ከደነዘ ቅጠሉን ይዘነጥለዋል፤ የተዘነጠለው ጫፍ ነጣ ብሎ ይደርቃል። የታጨደው ደቃቅ ሣር እዚያው ቢተው በስብሶ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይመልሳል።