የሐረር መሐለቅና የአሚሮቹ ሥልጣን

እንግሊዛዊው አሳሽ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ሐረር ሲገባ በገበያው የሚሠራበት ገንዘብ አንድ ብቻ ነበር፤ መሐለቅ የሚባል፣ በእጅ የተሠራ ትንሽ የናስ ሳንቲም። በአንድ ገጹ የሐረር ገንዘብ መሆኑ በዐረብኛ ተጽፏል፤ በሌላው 1248 ዓመተ ሂጅራ ይላል፤ ይህም እ.ኤ.አ. 1832/33 ነው። በርተንን የተቀበለው አሚር አሕመድ ኢብን አቡበክር ግን ሥልጣን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1852 ነበር። ሳንቲሙ የቀደመ አሚር ዘመን ሥራ ነው፤ የሚያስከብረው ግን በዙፋኑ ላይ ያለው ነው። ከተማው ውስጥ በሌላ ገንዘብ ሲገበያይ የተገኘ ሰው ያለ ምሕረት ይቀጣ እንደነበር በርተን ጽፏል።

የምንዛሪው ነገር ይበልጥ ያነጋግራል። 22 መሐለቅ አንድ አሽረፊ፣ ሦስት አሽረፊ አንድ ማርያ ቴሬዛ ብር ነበር። አሽረፊ በዚያን ጊዜ ለሒሳብ ብቻ የቀረ ስም ነው፤ ምንጩ በ15ኛው መቶ ዓመት የግብፁ ማምሉክ ሱልጣን አል አሽረፍ በርስባይ ያወጣው ወርቅ ነው። እንግዲህ 66 ቁራጭ ናስ ለአንድ ብር ይመነዘራል። ናሱ ቢቀልጥ የብሩን ዋጋ እንደማያወጣ ለማንም ግልጽ ነው። ስለዚህ መሐለቅ በኋላ ዋጋ ማጣቱን በማዕድኑ መርከስ ብቻ ማስረዳት አያጠግብም፤ ጉድለቱን ይሞላ የነበረው የአሚሩ ቅጣት ነው።

በገዥ ኃይል የሚቆም ገንዘብ የሚያመጣውን ጣጣ ካይሮ ቀድማ አይታዋለች። የካይሮው ታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ በ15ኛው መቶ ዓመት መባቻ ለአገሩ ረሃብና ውድነት ገዥዎቹ ያበዙትን ፉሉስ የተባለ የመዳብ ሳንቲም ተጠያቂ አድርጓል፤ ፉሉሱም ከመቆጠር ይልቅ እስከ መመዘን ደርሶ ነበር።

በሐረርም አሚር ሙሐመድ ኢብን ዐሊ (እ.ኤ.አ. 1856–1875) ገንዘቡን ሲያረክስ የከተማው ሰው ከሰረ። ጀጎል በተባለው የከተማው ግንብ ውስጥ ማስገደድ ይቻል ነበር፤ ከተማውን የሚቀልበው እህል ግን ከጀጎል ውጭ ካለው የኦሮሞ ገበሬ ይመጣ ነበር፤ በእሱ ላይ የአሚሩ ክንድ እንደ ከተማው አይጠነክርም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1875 የግብፁ ራኡፍ ፓሻ ሐረርን ያዘ፣ አሚሩም ተገደለ። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1885 ሲወጡ ሥልጣን የተረከበው አሚር አብዱላሂ አዲስ ገንዘብ አውጥቶ ነዋሪውን ይበልጥ አደኸየው። እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ድል ተነሣ።

ምኒልክ ከተማዋን ሲይዙ የሳንቲሙን ስም አልሻሩም። በ1885 ዓ.ም. እዚያው ሐረር ያስመቱት ትንሽ ሳንቲም ዛሬም መሐለቅ ይባላል፤ የተሠራው ግን ከብር ነው።