የባዮሎጂ ትምህርት በአገራችን፤ አመጣጡና ለመጪው ተማሪ የሚሰጠው ምክር

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታሰብበት በዚህ መጽሔት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ታሪክ የሚጽፉ ጓደኞቼ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ እኔ ብዙ ሰው ታሪክ አለው ብሎ የማያስበውን ነገር ላነሣ ወደድሁ። ይኸውም የባዮሎጂ ትምህርት በኢትዮጵያ ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ነው። ነገሩ ለእኛ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የሩቅ ወሬ አይደለም። ጥቂት ወራት ቆይተን ፈተናችንን እንፈተናለን፤ ከዚያም በዩኒቨርሲቲ የምንማረውን እንመርጣለን። ጥቁር አንበሳና ባልቻ ሆስፒታሎች በሚገኙበት በልደታ ያደገ ልጅ ባዮሎጂ እወዳለሁ ያለ እንደ ሆነ ሰው ሁሉ ሐኪም ሊሆን ነው ይላል። ሕክምና ያልደረሰው ልጅ ግን በባዮሎጂ ክፍል ሲመደብ እንደ ወደቀ ይቆጠራል። ይህ አስተያየት ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን ታሪክ ይመስክር።

ኮሌጅ ከመከፈቱ በፊት ሕዝባችን ስለ ዕፅዋትና ስለ እንስሳት ዕውቀት አልነበረውም ማለት አይቻልም። ገበሬው የጤፉን ዓይነት ከመሬቱ ጋራ ያስማማ ነበር፤ ኮሶ የሆድ ትል እንደሚያስወጣ፣ እንዶድ ልብስ እንደሚያጠራ ሁሉም ያውቅ ነበር። ነገር ግን የዕፅዋቱን ናሙና አድርቆ ያስቀመጠ አልነበረም። ይህን ያደረጉ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። ሽምፐር የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ትግራይ መጥቶ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1878 በአገራችን ሲኖር እጅግ ብዙ ዕፅዋት እየሰበሰበ ወደ አውሮፓ ልኳል። ቫቪሎቭ የተባለው የሩሲያ ሊቅም እ.ኤ.አ. በ1927 መጥቶ የስንዴያችንንና የገብሳችንን ዘር ሰብስቦ ሄደ። ስለዚህ ኢትዮጵያዊ ተማሪ የአገሩን ተክል በሙሉ ለማወቅ ቢፈልግ ባሕር መሻገር ግድ ይሆንበት ነበር።

በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአራት ኪሎ ተከፈተ። የመጀመሪያው ኃላፊ ዶክተር ሉሲየን ማት የተባሉ የካናዳ ኢየሱሳዊ ነበሩ። በኮሌጁ የሳይንስ ትምህርት ክፍል ስለ ነበረ ባዮሎጂን በአገር ውስጥ በከፍተኛ ደረጃ መማር ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ የደረቁ ዕፅዋት የሚጠበቁበት ብሔራዊ ሄርባሪየም በዚያው ተቋቋመ። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጁ ከሌሎች ኮሌጆች ጋራ ተባብሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ ከአብዮቱ በኋላም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ እስከ አብዮቱ ዘመን ተማሪዎች ትምህርታቸውን ከመፈጸማቸው በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግሉ ሕግ ወጥቶ ስለ ነበር ብዙዎቹ በገጠር ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል።

በዚያው በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ከአሜሪካ ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱ ወጣት መምህር ነበሩ። የቢልሃርዚያን በሽታ ለመመርመር አድዋ ሄደው ሳለ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። በሽታውን የሚያሳድጉት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። ዶክተር አክሊሉ የእንዶዱን አረፋ ሕያዋን ቀንድ አውጣዎች ወዳሉበት ስፍራ እንዲያፈስሱት አንዲት አጣቢ ጠየቁ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ። ከዚህ በኋላ የእንዶድን ኃይል ለማጥናት የብዙ ዓመት ሥራ ተሠራ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም ከየስፍራው የእንዶድን ዓይነት እየሰበሰቡ የሚሻለውን መረጡ። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ሁለተኛው ምሳሌያችን ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ናቸው። በአድዋ አካባቢ ተወልደው እ.ኤ.አ. በ1963 ከአራት ኪሎ በባዮሎጂ ተመረቁ። በኋላም የሳይንስ ፋኩልቲው ዲን ሆኑ። የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በሙሉ የሚመዘግበው ታላቅ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ሲጀመር ሥራውን የመሩ እሳቸው ናቸው፤ በፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው መሪነትም በ2009 ተፈጸመ። ወደ 6000 የሚጠጉ የዕፅዋት ዓይነቶች ተጽፈውበታል። ሽምፐር ወደ ውጭ የላከው ዕውቀት በዚህ ሥራ ወደ ቤቱ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ዶክተር ተወልደ ብርሃን እ.ኤ.አ. በ2000 የካርታኼና ስምምነት ሲደረግ የአፍሪካን ተደራዳሪዎች መርተዋል፤ በ2023 ዐረፉ።

እንግዲህ ከነዚህ ሰዎች ሥራ ለትምህርታችን አመራረጥ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ኬሚስትሪን መፍራት አይገባም። በእንዶድ ውስጥ ያለው ገዳይ ነገር ሳፖኒን መሆኑ የታወቀው በኬሚስትሪ ነው። ሁለተኛ፣ ሒሳብና ስታቲስቲክስ ያስፈልጋል፤ በስንት ሊትር ውሃ ስንት ግራም እንዶድ ቢጨመር ከመቶ ቀንድ አውጣ ስንቱ ይሞታል የሚለውን ጥያቄ ያለ ቁጥር የሚመልሰው የለም። ሦስተኛ፣ ጄኔቲክስ አለ። ከዓለማያ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1973 የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አራብተው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በዚህ ዕውቀት ነው። አራተኛ፣ ቋንቋ ነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል፤ ነገር ግን እንዶድን በትግርኛ ሽብቲ፣ በኦሮምኛ ሐንዶዴ የሚሉትን እናቶች መጠየቅ የማይችል ተመራማሪ ብዙ ይቀርበታል።

የትምህርቱም ቅደም ተከተል እንዲሁ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርት ሆኗል፤ በዚያ ጊዜ ጠቅላላ ባዮሎጂን፣ ሒሳብንና እንግሊዝኛን አጥብቆ መያዝ ይገባል። በሁለተኛው ዓመት ኬሚስትሪን ከዕፅዋትና ከእንስሳት ጥናት ጋራ፣ በሦስተኛው ጄኔቲክስን፣ ማይክሮባዮሎጂንና ኢኮሎጂን፣ በአራተኛው የራስን ምርምር መያዝ መልካም ነው። ዝርዝሩ እንደየዩኒቨርሲቲው ጥቂት ይለያያል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ስላለ የመጀመሪያውን ዓመት ትምህርት ረስቶ የመጨረሻውን ማለፍ አይቻልም። አበው «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንዳሉ፣ መሠረቱን ሳይዙ ወደ ላይ መዝለል ትርፉ መውደቅ ነው። የመስክ ጉዞ በተገኘ ጊዜ ደግሞ ማንም አይቅር፤ የአድዋው ወንዝ በመማሪያ ክፍል ውስጥ አልነበረም።

ውድ ወላጆች ሆይ፣ ሐኪም አንድ በሽተኛ ይፈውሳል፤ ክብሩም ታላቅ ነው። ነገር ግን በሽታው ከየትኛው ውሃ እንደ መጣ የሚመረምር፣ ለገበሬው የተሻለ ዘር የሚያወጣ፣ የአገሩን ዕፅዋት ቆጥሮ የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል። ልጃችሁ በባዮሎጂ ክፍል ሲመደብ አትዘኑበት፤ ምን ምን ትምህርት እንደ መረጠና ለምን እንደ መረጠ ጠይቁት። እናንተም ጓደኞቼ፣ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ይህን ጥያቄ በወረቀት ላይ መልሱት።