ሰባት ቤት በአንድ ገጽ፦ የቤተሰብ መዝገባችን ታሪክ

አያቶቻችን ወረቀት እንጂ መዝገብ አላጡም። በጎንደርም ሆነ በትግራይ ለአንድ የቤተ እስራኤል ወጣት ሚስት ሲታጭለት፣ ሽማግሌዎች መጀመሪያ ዘር ይቆጥሩ ነበር፤ በአባትም በእናትም እስከ ሰባት ቤት። «እከሌ የእከሌ ልጅ» እያሉ በአንዱ ወገን ወደ ላይ ይወጣሉ፣ በሌላው ወገን ይወርዳሉ። መስመሮቹ ከተገናኙ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው። ዛሬ በኮምፒውተር ዳታቤዝ የምንለውም ሥራው ይኸው እኮ ነው፤ ሰውን ከሰው የሚያገናኘውን መስመር ይዞ ሲጠየቅ መመለስ።

ስማችን ራሱ ትንሽ መዝገብ ነበር። የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ ካስፈለገም የአያት ስም። የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሴትም ስታገባ የአባቷን ስም አትተውም።

የእስራኤል መዝገብ ግን የተሠራው በሌላ መንገድ ነው። መሠረቱ የተጣለው በኖቬምበር 1948 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር ተሰጠው። ዛሬ ሁላችንም የምንይዘው ተዑዳት ዜሁት ሴፋሕ የምትባል ተጨማሪ ወረቀት አለችው። እሷ ላይ የባለቤቱ አድራሻ፣ የቀድሞ ስሙ፣ የትዳር ጓደኛው፣ ከዚያም ልጆቹ በየተራ ይጻፋሉ። በአንድ ሰው ገጽ ሥር የሌሎች ሰዎች መስመር ይታያል ማለት ነው።

ወገኖቻችን ከዚህ ቅጽ ጋር የተገናኙት በችኮላ ነው። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ፣ በሙሴ ዘመቻ፣ ወደ 8,000 ሰዎች ከሱዳን መጡ። በግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች 1991፣ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ ገቡ። ቤተሰብ እንዳይለያይ ብለው በሰዎች ግንባር ላይ ቁጥር ለጠፉ። እዚህ ሲደርሱ ቅጹ «የቤተሰብ ስም» ብሎ ጠየቀ። ለአንዱ የአባቱ ስም፣ ለሌላው የአያቱ ስም ተሞላ። ስለዚህ በተለያየ ጊዜ የመጡ የአንድ አባት ልጆች የተለያየ የቤተሰብ ስም ይዘው ቀሩ። ለብዙ ልጆች አዲስ የዕብራይስጥ ስም ተሰጠ። በኢትዮጵያ ዘመን የሚቆጠረው ልደትም ከሰባትና ስምንት ዓመት ልዩነት ጋር ወደ ሌላ አቆጣጠር ተገለበጠ።

ኮምፒውተሩም የራሱ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ አይቢኤም ለአፖሎ የጨረቃ ጉዞ የዕቃ ዝርዝር አይኤምኤስ የተባለ ሥርዓት ሠራ። ሥርዓቱ እንደ ዛፍ ነው፤ እያንዳንዱ ነገር አንድ የበላይ ብቻ አለው። ለብሎንና ለሞተር ይሠራል። ሰው ግን እናትም አባትም አለው። በ1970 በዚያው በአይቢኤም የሚሠራው ኤድጋር ኮድ ሌላ ሐሳብ አቀረበ። መረጃው በሰንጠረዥ ይቀመጥ፣ ሰንጠረዦቹም በመለያ ይገናኙ አለ። በ1992 የወጣው ማይክሮሶፍት አክሰስ ደግሞ ይኸን ሐሳብ ወደ ተራ ተጠቃሚ ጠረጴዛ አመጣው፤ ቅጽ ውስጥ ሌላ ቅጽ ከትቶ እናትን ከላይ፣ ልጆቿን ከሥር በአንድ ገጽ ማሳየት ተቻለ።

አሁን የኛን ቤተሰቦች መዝገብ እንሥራ ብንል ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ከላይ «የቤት ኃላፊ» ብለን አባትን ካስቀመጥን፣ እናት ከሥሩ አንድ መስመር ትሆናለች፤ የሷ ሰባት ቤት ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው አንዴ ብቻ ይመዝገብ፣ የእናቱና የአባቱ መለያ ቁጥር አጠገቡ ይቀመጥ። ያኔ ገጹን በእናትም በአባትም በኩል ከፍተን ያንኑ ልጅ እናገኘዋለን። ስምም ለብቻው ሰንጠረዥ ያስፈልገዋል፤ አንድ ሰው የመንደር ስም፣ የዕብራይስጥ ስምና የመታወቂያ ስም ሊኖረው ይችላል። ልደትም እንደተነገረ ይጻፍ፤ «በክረምት፣ ድርቁ በነበረ ዓመት» ከሆነ የተባለው፣ እንደዚያው።

የሚገርመው፣ አክሰስ ቅጽን በቅጽ ውስጥ እስከ 7 ደረጃ ይፈቅዳል። ልክ ሰባት ቤት! ግን ሰባቱንም በአንድ ገጽ መደራረብ አይመከርም፤ ዓይን ይጠፋል። ሦስት ትውልድ ይታይ፣ የቀረው ስሙን ሲጫኑ ይከፈት። ሽማግሌዎቻችንም ሰባቱን ቤት በአንድ ትንፋሽ አልዘረዘሩም፤ አንድ በአንድ ነው የወጡት።

ከሁሉም የሚከብደው ግን መዝገብ ላይ የሌሉት ናቸው። የመንግሥት መዝገብ የሚጀምረው ከደረሱት ነው። በሱዳን መንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚሆኑ ወገኖቻችን አልቀዋል፤ በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን በሄርጽል ተራራ ይታሰባሉ። በካምፕ የተቀበረች ሕፃን በእናቷ ሴፋሕ ላይ መስመር የላትም። እናቷ «ስንት ልጆች ወለድሽ?» ስትባል ግን ትቆጥራታለች። እኛ በምንሠራው ቅጽ ላይ የሷ ቦታ መኖር አለበት፤ ልደቷ ባይታወቅም፣ መታወቂያ ቁጥር ባይኖራትም። በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓሊያ ሲጠብቁ የኖሩትም እንዲሁ፤ የመታወቂያ ቁጥር ስለሌላቸው ወንድምና እህት መሆናቸው አይቀርም።

ዓፉላ ውስጥ ያለን ወጣቶች ለዚህ ሥራ የሚሆን ነገር በእጃችን አለ። አማርኛም ዕብራይስጥም እንሰማለን፤ ኮምፒውተሩንም እናውቀዋለን። የጎደለን ጊዜ ነው። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ማኅበራችን ይኸን ሥራ በዚህ ዓመት ቢጀምር፣ እያንዳንዳችን አንድ አያት ጠይቀን በመጪው ስግድ የመጀመሪያዎቹን ቤተሰቦች ማስገባት እንችላለን። ፈቃድ ሳንጠይቅ የማንንም ስም አንጻፍ፤ ኢንተርኔት ላይም አንልቀቅ። ከሁሉ በፊት ግን የወላድን ጥያቄ እንደ አገራችን ወግ እንጠይቅ፦ በሕይወት ያሉትን ብቻ ሳይሆን የወለዷቸውን ሁሉ።