ከግጥም የተወሰደ ስም

«ሥላሴ» በእኛ ጆሮ የጸሎት መክፈቻ፣ የመሐላ ማሰሪያ፣ የደብር ስም ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 1945 ጎህ ሊቀድ ሲል በኒው ሜክሲኮ በረሃ ለፈነዳው የመጀመሪያው የአቶሚክ ቦምብ ሙከራም የተሰጠው ስም ይኸው ነበር፤ ትሪኒቲ።

ስሙን ያወጣው የፊዚክስ ሊቁ ሮበርት ኦፔንሃይመር ነው። (በወጣትነቱ እርሱም ይገጥም ነበር፤ በ1928 አንድ ግጥሙ በሥነ ጽሑፍ መጽሔት ታትሞለታል።) ጄኔራል ግሮቭስ በ1962 ስለ ስሙ ሲጠይቁት፣ ምክንያቱ ለራሱም ግልጽ እንዳልሆነ፣ ሆኖም ያን ጊዜ የጆን ደን ግጥሞች በልቡ እንደነበሩ ጻፈላቸው። ደን በ1631 ያረፈ እንግሊዛዊ ቄስና ባለቅኔ ነው። ከግጥሞቹ በአንዱ ሥላሴ ሰብሮ እንዲያድሰው ይማጠናል። እኔ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ደን ይሰበር ዘንድ ያቀረበው የገዛ ልቡን ነው፤ በረሃው ላይ የተሞከረው ኃይል ግን የታሰበው ለሌላ ሰው ከተማ ነበር።

ያን ማለዳ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የቆመው ኤንሪኮ ፌርሚ፣ ብርሃኑን ካየ ከ40 ሰከንድ ገደማ በኋላ የአየሩ ግፊት ሲደርስ ቁርጥራጭ ወረቀት ከእጁ ለቀቀ። ወረቀቱ 2.5 ሜትር ያህል ተገፍቶ ወደቀ። ፌርሚም ከዚህ ተነሥቶ የፍንዳታውን ጉልበት 10,000 ቶን ቲ.ኤን.ቲ. ብሎ ገመተ፤ በኋላ ሲሰላ እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ስለ ቦምቡ ካነበብሁት ሁሉ ለቅኔ የሚቀርበው፣ እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ይህ ልኬት ነው። ብርሃን ይቀድማል፤ ድምፅ ይከተላል፤ በመካከላቸው ያለው ዝምታ ርቀት ነው። ያን ዝምታ ለመቍጠር ጊዜ የሚያገኘው ሩቅ የቆመ ሰው ብቻ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 6፣ ሂሮሺማ ላይ ርቀቱ አጠረ። ባለቅኔው ቶጌ ሳንኪቺ ከፍንዳታው ማእከል 3 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነበር። ተረፈ። የአቶም ቦምብ ግጥሞቹን በ1951፣ የኮሪያ ጦርነት ገና ሳይበርድ አሳተመ፤ በ1953 በ36 ዓመቱ ዐረፈ።

የመጽሐፉ መግቢያ የሆነው አጭር ግጥም የተጻፈው ከቻይና በተወረሱት ውስብስብ ሆሄያት አይደለም፤ የጃፓን ልጆች አስቀድመው በሚማሩት ቀላል ፊደል ብቻ ነው። አቶም፣ ጨረር፣ ኪሎ ቶን የሚል ቃል በውስጡ የለም። ሰዎቹ እንዲመለሱለት፣ ሰላሙም እንዲመለስለት ይጠይቃል። ዛሬም በከተማዋ የሰላም መናፈሻ ድንጋይ ላይ ተቀርጾ ይነበባል።