ፊንላንድ፦ የአስተዳደር በጀት ክርክር እና የአማራ ገጠር ውኃ

ፊንላንድ በሰሜን አውሮፓ የምትገኝ፣ 5.6 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብና 200 መቀመጫ ያለው ፓርላማ ያላት ሪፐብሊክ ናት። በኢትዮጵያ ስሟ ብዙ ጊዜ የሚነሣው በትምህርት ሥርዓቷ ነው፤ በአማራ ክልል ገጠር ግን ከእጅ ጉድጓድና ከጎለበተ ምንጭ ጋር ይበልጥ ይያያዛል። ሁለቱ ነገሮች፣ ማለትም የሄልሲንኪ የቅርብ ጊዜ ፖለቲካና የአማራ ገጠር ውኃ፣ የሚገናኙት በልማት እርዳታ መጠን ብቻ ተደርጎ ሲታሰብ ቆይቷል። ከዚያ የጠለቀ ግንኙነት አላቸው። በሁለቱም ቦታ የሚያከራክረው ሥራው የተሰጠው አካል ገንዘቡንም ይዟል ወይ የሚለው ነው፤ በደቡብ ወሎ በመካነ ሰላም ዙሪያ ላለ የውኃ ኮሚቴም ሆነ ለፊንላንድ የክፍለ ሀገር ምክር ቤት ጥያቄው ይኸው ነው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 2023 በተካሄደው ምርጫ ወግ አጥባቂው የብሔራዊ ጥምረት ፓርቲ 48፣ ቀኝ አክራሪው የፊንላንዳውያን ፓርቲ 46፣ በሳና ማሪን ይመሩ የነበሩት ሶሻል ዴሞክራቶች 43 መቀመጫ አገኙ። ከሁለት ቀን በኋላ አገሪቱ 31ኛዋ የኔቶ አባል ሆነች፤ በሰኔም ፔተሪ ኦርፖ አራት ፓርቲዎችን ያጣመረ መንግሥት መሠረቱ። ከሩሲያ ጋር የምትዋሰንበት 1,340 ኪሎ ሜትር ድንበር በዚያው ዓመት ማብቂያ ተዘጋ። አሌክሳንደር ስቱብ በ2024 ፕሬዚዳንት ሆኑ። የመንግሥት ዕዳ ስላሳሰበ የማኅበራዊ ድጎማ ተቀነሰ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ24 ወደ 25.5 በመቶ ከፍ አለ፣ ሠራተኞች በ2024 ለሳምንታት የዘለቀ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። የልማት እርዳታውም ተቆርጧል፤ ከቀረውም ጥቂት የማይባለው ወደ ዩክሬን ዞሯል። የውጭ ዜና አንባቢ የሚያውቀው ይህንን ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ተራውን ፊንላንዳዊ በየቀኑ የሚነካው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የገጠር ማዘጋጃ ቤቶች በ1865 ከቤተ ክርስቲያን አጥቢያ ተለይተው የራሳቸውን ጉዳይ ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ከተፈቀደ ጀምሮ፣ የፊንላንድ ማዘጋጃ ቤት ከነዋሪው ግብር ሰብስቦ ትምህርት ቤቱን፣ ኋላም ጤና ጣቢያውን ሲያስተዳድር ኖሯል። ከጥር 1 ቀን 2023 ጀምሮ ግን ጤናና ማኅበራዊ አገልግሎት ከ300 ገደማ ማዘጋጃ ቤቶች ተወስዶ ለ21 አዳዲስ የክፍለ ሀገር አስተዳደሮች ተሰጠ፤ ሄልሲንኪ ብቻ የራሷን ይዛ ቀረች። የአዲሶቹ አስተዳደሮች ምክር ቤት በሕዝብ ይመረጣል፣ ግብር የመጣል ሥልጣን ግን የለውም፤ ገንዘቡ ከማዕከላዊ መንግሥት ይመጣል። ብዙዎቹ ገና ከመጀመሪያው ዓመት በኪሳራ ተዘፈቁ፤ ጤና ጣቢያ መዝጋት፣ የሆስፒታል አገልግሎት ማጠፍ ግድ ሆነባቸው። የተመረጠው ሰው ቁጣውን ይቀበላል፣ በጀቱን የሚወስነው ግን ሌላ ነው። በሚያዝያ 2025 የማዘጋጃ ቤትና የክፍለ ሀገር ምርጫ ሶሻል ዴሞክራቶች አንደኛ ሲወጡ የፊንላንዳውያን ፓርቲ በማዘጋጃ ቤት ድምፅ ወደ 7.6 በመቶ ወረደ። ውጤቱ ስለ ጤና ጣቢያ ብቻ የተሰጠ ፍርድ ነው ማለት ግን ማጋነን ይሆናል፤ የኑሮ ውድነቱና የድጎማ ቅነሳውም አብረው ነበሩ።

የኢትዮጵያ ወረዳ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ወረዳዎች ከክልል በብሎክ ግራንት በጀት ይመደብላቸዋል፤ አብዛኛው ግን ለደመወዝ ስለሚውል ለጉድጓድ ወይም ለጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። የፊንላንድ ድጋፍ በአማራ ክልል ያመጣው አሠራር የሚመዘነው በዚህ ፊት ነው። በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ አርደብሊውሴፕ የተባለው የገጠር ውኃና አካባቢ ፕሮግራም በ1994 እ.ኤ.አ. ተጀመረ። ያኔ ፊንላንድ ራሷ የሶቪየት ንግድ ከተቋረጠ በኋላ ከገባችበት ከባድ የኢኮኖሚ ድቀት ገና በመውጣት ላይ ነበረች፤ እርዳታዋም ከብሔራዊ ገቢዋ 0.8 በመቶ ግድም ከነበረበት ወደ 0.3 በመቶ አሽቆልቁሏል። ከ2003 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ፕሮግራሙ የገንዘቡን አካሄድ ቀየረ። ድጋፉ በወረዳ ቢሮ እጅ ሳይሆን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በአብቁተ (ኋላ ጸደይ ባንክ) በኩል በቀጥታ ለመንደሩ የውኃ ኮሚቴ ይሰጥ ጀመር። ኮሚቴው ከተጠቃሚዎች የተመረጡ፣ ሴቶች ጭምር የሚገኙበት አባላት አሉት። ሲሚንቶውን ይገዛል፣ ግንበኛውን ይቀጥራል፣ ከመነሻውም ለጥገና የሚሆን ቁጠባ ያስቀምጣል። በዚህ መንገድ ከተሠሩ የውኃ ተቋማት መካከል ከ90 በመቶ በላይ የሚሠሩ ሆነው መገኘታቸው በግምገማ ተመዝግቧል፤ በዚያው ዘመን በአገር አቀፍ ደረጃ ከአራቱ አንዱ ያህሉ ከሥራ ውጪ ነበር። አሠራሩ በ2011 እ.ኤ.አ. ኮዋሽ በሚል ፕሮግራም ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ፤ በብሔራዊ የውኃና ንጽሕና የአፈጻጸም ማዕቀፍም ከተፈቀዱት የገንዘብ አካሄዶች አንዱ ሆኖ ገባ።

የቦረና፣ የወግዲ፣ የከለላ፣ የመሐል ሳይንትና የአማራ ሳይንት ደጋ ይህን ጉዳይ ለመመርመር የሚያስቸግር ቦታ ነው። በደቡብ ወሎ ለረጅም ጊዜ ጉልህ የልማት አጋር ፊንላንድ ሳትሆን ጎረቤቷ ስዊድን ነበረች፤ የመሬት ምዝገባ ሙከራም በደሴ ዙሪያ በገራዶ ቀበሌ የተካሄደው በስዊድን በሚደገፍ ፕሮግራም ሥር ነው። ከዚያም በላይ መልክዓ ምድሩ ራሱ ይለያል። ከአባይ ሸለቆና ከበሽሎ ወንዝ መካከል የተንጣለለው ይህ አምባ በተደራረበ የባዛልት ድንጋይ የተሠራ ስለሆነ፣ ውኃው በድንጋይ ሽፋኖች መካከል እየሰረገ በገደሉ ግርጌ በምንጭነት ይወጣል። ሰዉ ከላይ በአምባው ጫፍ ሠፍሮ ምንጩ ከታች በሚሆንበት ቦታ ውኃውን ማውጣት ለእንስራና ለጀሪካን ተሸካሚዋ ሴት የቀን ተቀን ዳገት ነው። እንግዲህ ተቃዋሚው፦ ይህ አሠራር በፎገራና በሜጫ ሜዳ ለሚቆፈር ጥልቀት የሌለው የእጅ ጉድጓድ የተፈጠረ ነው፤ ከገደል በታች ያለን ውኃ ለማንሣት የሚያስፈልገውን ሞተርና ረጅም ቧንቧ የሰባት ሰው ኮሚቴ አይገዛም ቢል አልተሳሳተም። ግን ገንዘቡ በኮሚቴው እጅ ይሁን የሚለው ክርክር ለግንባታው ባይሆን እንኳ ለጥገናው ይሠራል። አፍሪዴቭ የተባለውን የእጅ ፓምፕ ከሥራ የሚያስወጣው አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ያለችው የጎማ ማሸጊያ ስታልቅ ነው፤ ገንዘቡ በኮሚቴው እጅ ካለ ትልቁ ወጪ ወደ ወረዳ ከተማ የሚደረገው ጉዞ ነው። ገንዘቡ ሌላ ቦታ ካለ ግን የጥያቄ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ለሚመለከተው ይመራል፣ ክረምቱም ያልፋል። ምንጩ ሲጎለብት የሚሠራውን የኮንክሪት ሣጥን ማጽዳት፣ አጥሩን መጠገን፣ ጎርፍ የሚመልሰውን ቦይ መጥረግም የመንደር ሥራ ነው።

ሌላው ተቃውሞ የድኻ መዋጮ ነው። ተጠቃሚዎች ከጠቅላላ ወጪው ቢያንስ 15 በመቶውን በገንዘብ፣ በጉልበት ወይም በቁሳቁስ እንዲሸፍኑ ይጠበቃል። የድርቅ ጠባሳ ያለበትን የወሎ ገበሬ ለውኃ ክፈል ማለት ከባድ ነው፤ ሀብታሙ ፊንላንዳዊ የሚያውቀው ነገር አይደለም የሚልም አይጠፋም። የኋለኛው ክስ ታሪክን ይዘነጋል፦ በ1866-68ቱ ረሀብ ፊንላንድ ከሕዝቧ 8 በመቶ ገደማ አጥታለች፤ ዛሬም በገጠሯ ገበሬዎች ተሰባስበው የመሠረቷቸው ከሺህ በላይ የውኃ ማኅበራት አሉ። የመዋጮው ክብደት ግን እውነተኛ ነው። ጉልበትና ድንጋይ የሚቆጠርበት መንገድ የተከፈተውም ለዚሁ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎችና ወንድ የሌለባቸው ቤተሰቦች ከዚያም ነፃ ካልሆኑ አሠራሩ የሚያስወቅሰው ይሆናል።

አሁን የሚያሰጋው ደግሞ ሁለት ወገን ነው። ከሄልሲንኪ በኩል የበጀት ቅነሳው አለ፤ በክልሉ በኩል ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወዲህ የቀጠለው ግጭት መንገድን፣ ባንክንና የወረዳ ቢሮን አስተጓጉሏል። ግጭቱ ለዚህ አሠራር የሚያደላ አይደለም፦ ቅርንጫፉ በተዘጋበት ከተማ የኮሚቴው ቁጠባ ለጊዜው የማይደረስበት ሆኖ ይቀራል። ቅነሳው ግን በተሠራውና በሚሠራው ላይ እኩል አይከብድም። አዲስ ምንጭ ማጎልበት ይቆማል፤ የራሱን የጥገና ገንዘብ ያስቀመጠ መንደር ግን የ2027ቱን የፊንላንድ ምርጫ ውጤት ሳይጠብቅ ፓምፑን ይጠግናል፤ መለዋወጫው እዚያው ወረዳ ከተማ ካለው ሱቅ እስካልጠፋ ድረስ።