ጥያቄው ሲታደስ፦ የቀድሞ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ የቴሌቪዥን ድራማዎችን ዳግም ስለመሥራት

መግቢያ

የቆየ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ የቴሌቪዥን ድራማ ዳግም ሊሠራ ነው በተባለ ቁጥር ክርክር ይነሣል። አንዱ ወገን የቀድሞው ሥራ የዘመኑ ቅርስ ነውና አይነካ ይላል። ሌላው ወገን የካርቶን ግድግዳና በክር የተንጠለጠለ መንኮራኩር የዛሬን ተመልካች አይስብምና በአዲስ ቴክኒክ ይታደስ ባይ ነው። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ምስሉ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግን መመዘኛው ክፍሉ የሚያነሣው ጥያቄ ሊሆን ይገባል የሚል ነው። አንድ ክፍል ዳግም መሠራት ያለበት የመጀመሪያው ዝግጅት ሳይናገረው የቀረ ነገር ሲኖር፣ ወይም ዘመን ተለውጦ ያው ታሪክ ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ሲችል ነው። ለማሳያ የእንግሊዝና የአሜሪካ ሥራዎችን እንመለከታለን፤ ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ድግግሞሽ ከመነሻው

ቢቢሲ ዲሴምበር 12 ቀን 1954 የጆርጅ ኦርዌልን «1984» ናይጄል ኒል ለቴሌቪዥን በጻፈው መልክ በቀጥታ አሰራጨ። ከአራት ቀን በኋላ ድራማው ሲደገም ተዋናዩ ፒተር ኩሺንግና ባልደረቦቹ ወደ ስቱዲዮ ተመልሰው እንደገና በቀጥታ ተጫወቱት። ዛሬ ተጠብቆ የሚገኘው ይኸው ሁለተኛው ዝግጅት ነው። ስለዚህ «ዋናው አይነካ» ሲባል፣ ዋናው የምንለው ራሱ ድጋሚ የተሠራ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

የዚሁ ደራሲ «የኳተርማስ ሙከራ» በ1953 በስድስት ክፍል በቀጥታ ቢሰራጭም፣ በእጃችን ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ብቻ ናቸው። ቢቢሲ ፎር ኤፕሪል 2 ቀን 2005 ድራማውን እንደገና በቀጥታ ስርጭት አቀረበው። እዚህ ላይ ዳግም መሥራቱ ለቅርስ ጥበቃ የቀረበ ተግባር ነበር፤ አብዛኛው ክፍል ጠፍቷልና። ዳግም መሥራት ዋናውን እንደማያጎድል የመድረክ ሰዎች ቀድሞውንም ያውቁታል። ሐምሌት በጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛ ሲቀርብ ከሼክስፒር ሥራ የጎደለ የለም፤ ሌላ ሕይወት ተጨመረለት እንጂ።

ያልታየው ፍጻሜ

የአሜሪካው ተከታታይ ድራማ «ትዋይላይት ዞን» ከ1959 እስከ 1964 በሲቢኤስ የተላለፉ 156 ክፍሎች አሉት። ከነዚህ አንዱ ጆርጅ ክሌይተን ጆንሰን የጻፈው የ1961ዱ «የፑል ጨዋታ» ነው። ጄሲ ካርዲፍ የተባለ ፑል ተጫዋች ከሞተው ሻምፒዮን ከፋትስ ብራውን ጋር ሕይወቱን አስይዞ ይጫወታል። ያሸንፋልም። ነገር ግን ከሞተ በኋላ በፋትስ ቦታ ተተክቶ፣ ለተገዳደረው ሁሉ እየተጠራ መጫወት ዕዳው ይሆናል። የደራሲው የመጀመሪያ ጽሑፍ ፍጻሜ ይህ አልነበረም። በእሱ ጽሑፍ ጄሲ ይሸነፋል፣ ሕይወቱም ይተርፋል፤ የሚጠብቀው ሞት ግን ማንም ሳያስታውሰው የሚቀበር ተራ ተጫዋች ሞት ነው። ይህ ፍጻሜ ለተመልካች የበቃው ክፍሉ በ1989 ዳግም ሲሠራ ነው። የመጀመሪያው የድልን ዋጋ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው ተረስቶ የመቅረትን ፍርሃት። አንዱ ሌላውን አይሽረውም፤ ሁለቱን ያየ ሰው ግን ታሪኩን ይበልጥ ያውቀዋል።

ሰሙ ሲቀየር

የተከታታዩ ፈጣሪ ሮድ ሰርሊንግ በዚህ ዘርፍ የተጠለለው በምክንያት ነው። በ1955 ሚሲሲፒ ውስጥ የተገደለውን የ14 ዓመቱን ጥቁር ልጅ የኤሜት ቲልን ጉዳይ መነሻ አድርጎ የጻፈው ድራማ በ1956 ሲተላለፍ፣ በስፖንሰሮች ጫና ታሪኩ ከደቡብ ግዛቶች ርቆ ኒው ኢንግላንድ ውስጥ እንዲሆን ተደርጎ ነበር። ሰርሊንግ በግልጽ እንዳይናገር የተከለከለውን በሌላ ዓለም ፍጡራን አማካይነት መናገር ጀመረ። የሰምና ወርቅን ስልት ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ መንገድ አይደለም።

በ1960 የታየውን የሜፕል ጎዳና ክፍል እንውሰድ። በአንድ ጸጥተኛ ሰፈር መብራት ይጠፋል፤ ስልክ ይቋረጣል፤ መኪና አልነሣ ይላል። አንድ ልጅ ወራሪዎቹ ሰው መስለው አስቀድመው መካከላችን ገብተዋል የሚል በመጽሐፍ ያነበበውን ታሪክ ሲያወራ፣ ጎረቤት ጎረቤቱን መጠራጠር ይጀምራል። ሌላ መንገድ አይቶ ሊመለስ የሄደው ፒት ቫን ሆርን በጨለማ ሲመጣ ቻርሊ ጠመንጃ ነጥቆ ይተኩስበታል፤ ሰዎቹ ሮጠው ሲደርሱ የሞተው ጎረቤታቸው ነው። መጨረሻ ላይ ከኮረብታው ሆነው ሁሉን ያዩ የሌላ ዓለም ፍጡራን ይህን ሕዝብ ለማጥፋት መሣሪያ እንደማያስፈልግ ይነጋገራሉ። ሰሙ ወራሪው ነው፤ ወርቁ የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን ጥርጣሬ።

በ2003 ክፍሉ ዳግም ሲሠራ ጎረቤቶቹ የሚፈሩት ሽብርተኛን ሆነ፤ ከበስተጀርባ ያለውም የሕዝቡን ባሕርይ የሚፈትን የአሜሪካ ጦር። ለውጡ የሚያጎድለው አለ። ሰሙ በመሳሳቱ ተመልካቹ ወርቁን ራሱ ፈልጎ የማግኘት ዕድሉ ይጠብበታል። የሚጨምረውም አለ። የሌላ ዓለም ፍጡር በሕግ አይጠየቅም፤ መንግሥት ግን ይጠየቃል። «እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ነን?» የሚለው ጥያቄ «በፍርሃታችን የሚጠቀመው ማን ነው?» ወደሚለው ተሻገረ። ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ ይህ መጠየቅ ነበረበት።

አንድ ክፍል፣ ሁለት ድጋሚ

«ቅዠት በ20,000 ጫማ» የተባለው የዚሁ ተከታታይ የ1963 ክፍል ምስልን በማደስና ጥያቄን በመለወጥ መካከል ያለውን ልዩነት አጉልቶ ያሳያል። በአውሮፕላን መስኮት በኩል ክንፉን የሚያበላሽ ፍጡር የሚያይ፣ ግን የሚያምነው ያጣ መንገደኛ ታሪክ ነው። በ1983ቱ የ«ትዋይላይት ዞን» ፊልም ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሚለር ያንኑ ታሪክ ይበልጥ በሚያስፈራ ፍጡር አቀረበው። ዝግጅቱ የተዋጣለት ነው፤ ጥያቄው ግን አልተንቀሳቀሰም። በ2019ኙ ዝግጅት ፍጡሩ ቀርቶ፣ የበረራውን መጥፋት አስቀድሞ የሚተርክ የድምፅ ማጫወቻ መጣ። መንገደኛው አደጋውን ለማስቀረት የሚወስደው እርምጃ ራሱ ለአደጋው መንሥኤ ይሆናል። ጥያቄው «የሚያምነኝ ማን ነው?» መሆኑ ቀርቶ «የሰማሁትን ሁሉ ማመኔ ወዴት ይወስደኛል?» ሆነ። በምስል ጥራት ብቻ የሚለካ ሰው ይህን ልዩነት ሊያየው አይችልም።

መደምደሚያ

ከነዚህ ማሳያዎች ሁለት መርሆች ይወጣሉ። የመጀመሪያው፣ አዘጋጁ ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት አዲሱ ሥራ የሚጠይቀውን ጥያቄ ለይቶ መናገር መቻል አለበት፤ ካልቻለ ገንዘቡን ለአዲስ ደራሲ አዲስ ታሪክ ቢያውለው ይሻላል። ሁለተኛው፣ የቀድሞው ዝግጅት ተጠብቆ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት። ጥያቄ መለወጡ የሚታወቀው የቀደመውን ማየት ሲቻል ነውና፣ አሮጌውን ከገበያ አስወጥቶ በአዲሱ መተካት የዳግም ሥራን ዋና ጥቅም ያጠፋል። ሁለቱ መርሆች ከተሟሉ ክፍሎቹ ይሠሩ፤ ነገም የሌላ ትውልድ ፍርሃት ሲለወጥ እንደገና ይሠሩ።